ወፍጮው ሲከስር ያልሸሹት ባለዕጣዎች

የአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ጥንካሬ የሚለካው ትርፍ በሚከፋፈልበት ቀን በሚሰበሰበው የአባላት ብዛት ሳይሆን፣ ኪሳራ በተነገረበት ቀን ከጉባኤው ሳይወጣ በሚቀረው ሰው ቁጥር መሆኑን የኅብረት ሥራ ታሪክ በሚገባ ያስረዳል። ማኅበሩ ሲያተርፍ ዕጣ የሚገዛ ሞልቷል። የወፍጮው ሞተር ሲሰበር፣ የሱቁ መደርደሪያ ሲራቆት፣ ገንዘብ ያዡ «ካዝናው ባዶ ነው» ሲል ግን ባለዕጣው ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። ወይ ገንዘቡን አውጥቶ ይሄዳል፣ ወይ ጉድለቱን መርምሮ ማኅበሩን ያቃናል። ይህ ጥያቄ የማያጋጥመው የገበሬ ማኅበር መሪ የለም ማለት ይቻላል።

የዓለም የኅብረት ሥራ እንቅስቃሴ መሠረት ተብለው የሚታወቁት የእንግሊዝ ሸማኔዎችም ይኸው ጥያቄ ገጥሟቸው ነበር። የተፈተኑትም በሱቃቸው ብቻ አልነበረም፤ በአንድ የእህል ወፍጮ ጭምር ነበር። የወፍጮው ታሪክ ከሱቁ ይልቅ እምብዛም አይነገርም፤ ለገበሬ ማኅበራት የሚሰጠው ትምህርት ግን ከሱቁ አይተናነስም።

በሃያ ስምንት ፓውንድ የተጀመረ ሱቅ

ሮችዴል ከማንቸስተር በስተሰሜን የምትገኝ የሱፍና የጥጥ ሸማኔዎች ከተማ ነበረች። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደመወዝ ዝቅተኛ ነበር፤ ሥራ ይጠፋ ነበር፤ ሸማኔው ከባለሱቅ በዱቤ ስለሚገዛ ከዕዳ አይወጣም ነበር። በዱቤ የተያዘ ሰው ሚዛን ቢጎድልበት ወይም ዱቄቱ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቢሆን ለመናገር አይደፍርም። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ዱቄትን ነጭ ለማስመሰል ሻብ የሚባለውን ማዕድን መቀላቀል የተለመደ ነበር።

ከዚህ ለመውጣት ያሰቡ ጥቂት ሠራተኞች በ1844 ተሰባስበው የሮችዴልን ማኅበር አቋቋሙ። የአንዱ ዕጣ ዋጋ አንድ ፓውንድ ነበር። አንድ ፓውንድ በአንድ ጊዜ ማውጣት የሚችል ሸማኔ ስላልነበረ በየሳምንቱ በሳንቲም ደረጃ እያዋጡ 28 ፓውንድ አጠራቀሙ። በቶድ ሌን መንገድ ላይ አንድ ምድር ቤት በዓመት 10 ፓውንድ ተከራዩ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1844 ማታ ሱቁን ሲከፍቱ በመደርደሪያው ላይ የነበረው ጥቂት ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄትና የአጃ ዱቄት ነበር። የአካባቢው ነጋዴዎች ሸቀጡን በሙሉ በአንድ የእጅ ጋሪ ጭነን ልንወስደው እንችላለን እያሉ አላገጡባቸው።

ሸማኔዎቹ ያወጡት ደንብ ግን ከሸቀጡ የበለጠ ዋጋ ነበረው። ሽያጭ በእጅ በእጅ ብቻ ይሆናል፤ ዱቤ የለም። ሚዛን ይሞላል፤ ሸቀጥ አይበረዝም። አንድ አባል የቱንም ያህል ዕጣ ቢኖረው ድምፁ አንድ ነው። በዕጣ ላይ የሚከፈለው ወለድ የተወሰነ ነው። ከዚያ የሚተርፈው ለአባሉ የሚከፋፈለው በዕጣው ብዛት ሳይሆን ከሱቁ በገዛው ልክ ነው። ይህ የመጨረሻው ደንብ የብዙ ነገር ቁልፍ ነው። አባሉ በገዛ ቁጥር የትርፍ ድርሻው ያድጋል። ድርሻውን በጥሬ ገንዘብ ካልወሰደው ደግሞ በስሙ ይጠራቀምና ሳያውቀው ትልቅ ባለዕጣ ያደርገዋል።

መጀመሪያው አስቸጋሪ ነበር። ዕጣ ገዝተው ከሌላ ሱቅ የሚሸምቱ አባላት ነበሩ። ይህን ያዩት ጸሐፊው ጄምስ ዴሊ ከማኅበሩ ሱቅ የማይገዛ አባል ገንዘቡ ተመልሶለት ይሰናበት የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩት ቻርልስ ሃዋርዝ ግን ይህ የአባላትን ነፃ ፈቃድ ይገድላል ብለው ስለተቃወሙ ሐሳቡ ቀረ። ማኅበሩ አባሉን በግድ ከመያዝ ይልቅ በጥሩ ሸቀጥና በትክክለኛ ሒሳብ ለመያዝ መረጠ። ይህ ውሳኔ በኋላ በወፍጮው ጊዜ ምን ፍሬ እንዳፈራ ይታያል።

የአባላቱ ቁጥር በ1845 74፣ በ1848 ደግሞ 140 ደረሰ። በ1849 የሮችዴል የቁጠባ ባንክ ሲወድቅ የብዙ ሠራተኛ ጥሪት አብሮ ጠፋ። ሕዝቡ ገንዘቡን የት እንደሚያስቀምጥ ሲፈልግ የሸማኔዎቹን ሱቅ አየ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአባላቱ ቁጥር 390፣ በ1850 ደግሞ 600 ሆነ።

ወፍጮው ለምን ከሰረ?

ሱቁ ከሚሸጠው ሁሉ ዋነኛው ዱቄት ነበር። ንጹሕ ዱቄት ለማግኘት ደግሞ የራስ ወፍጮ ያስፈልግ ነበር። በሊድስ ከተማ ሠራተኞች በ1847 የራሳቸውን የዱቄት ወፍጮ ማቋቋማቸው አርአያ ሆነ። በመሆኑም በ1850 በሮችዴል አንድ የእህል ወፍጮ ማኅበር ተመሠረተ። ወፍጮው ራሱን የቻለ ድርጅት ሲሆን ባለዕጣዎቹ ግለሰቦችና የኅብረት ሥራ ሱቆች ነበሩ። ከነዚህ ሁሉ ዋናው ባለዕጣና ዋናው ደንበኛ የቶድ ሌኑ ሱቅ ነበር።

ሥራው ገና ሲጀመር መበላሸት ጀመረ። መሪዎቹ ሸማኔዎች እንጂ እህል ገዢዎች ወይም ወፍጮ አዋቂዎች አልነበሩም። እህል መቼና ከማን እንደሚገዛ አላወቁም። ለወፍጮው የተቀጠረውም ባለሙያ ለሥራው ብቁ ሆኖ አልተገኘም። በዚህ ምክንያት የሚወጣው ዱቄት ጥራት የጎደለው ሆነ። የሱቁ አባላት አጉረመረሙ፤ ብዙዎቹም ዱቄት ከሌላ ቦታ መግዛት ጀመሩ። ዱቄቱ ሳይሸጥ ሲቀር ወፍጮው ባዶ መዞር፣ ኪሳራውም በየሩብ ዓመቱ መከማቸት ያዘ።

የኪሳራው ወሬ ሲናፈስ ሽብሩ ወደ ሱቁ ተሻገረ። ሱቁ ገንዘቡን ወፍጮው ውስጥ ስላስገባ ወፍጮው ሲወድቅ ሱቁም ይወድቃል ተባለ። በጉባኤዎች ላይ ከዚህ በላይ ሳይጠፋ ወፍጮው ይዘጋ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሱቁ የሰጠው ድጋፍ

ዋናው ባለዕጣ በዚህ ጊዜ ያደረገው ለዛሬ የማኅበር መሪዎች በዝርዝር ሊታይ የሚገባው ነው። ድጋፉ ሦስት ገጽታ ነበረው።

አንደኛ፣ ሱቁ ዕጣውን አላወጣም። ገንዘቡን አውጥቶ ቢሆን ኖሮ ወፍጮው በዚያው ሳምንት በተዘጋ ነበር፤ ሌሎቹም ባለዕጣዎች ተከትለው በሮጡ ነበር። የትልቁ ባለዕጣ መቆየት ለትንንሾቹ ማረጋገጫ ሆነ።

ሁለተኛ፣ ሱቁ የወፍጮውን ዱቄት መግዛቱን ቀጠለ። ለአንድ ድርጅት ገንዘብ ከማበደር ይልቅ ምርቱን መግዛት ብዙ ጊዜ የበለጠ ድጋፍ ነው። ገዢ ያለው ወፍጮ ስሕተቱን ለማረም ጊዜ ያገኛል፤ ገዢ የሌለው ግን በብድር የሚኖረው ብድሩ እስኪያልቅ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ይህም ከሁሉ የሚበልጠው፣ ድጋፉ ዐይንን ጨፍኖ የተሰጠ አልነበረም። ጉድለቱ የት እንደሆነ ተጠየቀ። የእህል አገዛዙ ተስተካከለ፤ የወፍጮው ሥራ ለሚችል ሰው ተሰጠ። እንደ ጄምስ ስሚዝስ ያሉ ጽኑ የማኅበሩ ሰዎች አባላቱን እየዞሩ አስረዱ፣ አበረታቱ። ዱቄቱ ሲሻሻል ገዢው ተመለሰ። ወፍጮው ኪሳራውን ከፍሎ ወደ ትርፍ ተሸጋገረ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም በአካባቢው ለሚገኙ በርካታ የኅብረት ሥራ ሱቆች ዱቄት የሚያቀርብ ታላቅ ድርጅት ሆነ።

ከዚህ እንደሚታየው ወፍጮውን ያዳነው ገንዘቡ ብቻ ወይም ምክሩ ብቻ አይደለም። ባለዕጣው መቆየቱ፣ መግዛቱና መቆጣጠሩ አንድ ላይ ሆነው ነው።

የአንዲት ሴት መልስ

የማኅበሩን ታሪክ በዚያው ዘመን የጻፈው ጆርጅ ሆሊዮክ ስለ ባለዕጣዎች ጠባይ ሁለት ነገር ይተርካል። አንዱ አባል ሱቁ ሊወድቅ ነው የሚለውን ወሬ ሰምቶ ገንዘቡን ጠየቀ፤ ሳይጉላላ ተከፈለው። ከጊዜ በኋላ ግን ተመልሶ መጣና ገንዘቡን እቤቱ ደብቆ ማስቀመጡን፣ ያለ ምንም ፍሬ መቀመጡንም ገልጾ መልሳችሁ ተቀበሉኝ አለ።

ሁለተኛዋ አንዲት ሴት ናት። ጎረቤቶቿ ሱቁ መውደቁ ስለማይቀር ገንዘብሽን አውጪ ብለው መከሯት። እርሷም ቢወድቅ የሚወድቀው በራሱ ገንዘብ ነው አለቻቸው። ከኪሷ ያወጣችው አንድ ሽልንግ ብቻ ሲሆን፣ በስሟ ግን ሃምሳ ፓውንድ ተጠራቅሞላት ነበር። አንድ ፓውንድ ሃያ ሽልንግ ስለሆነ ልዩነቱ ምን ያህል እንደነበረ መገመት አያዳግትም። ያን ገንዘብ የፈጠረላት ከሱቁ ስትገዛ በየጊዜው ይታሰብላት የነበረው የትርፍ ድርሻ ነበር።

በዚህች ሴት መልስ ውስጥ ያለው ትምህርት ቀላል ነው። ጽናቷ የመጣው ስለ ጽናት ከተሰበከላት ስብከት አይደለም። ማኅበሩ ምን እንዳደረገላት በገዛ ደብተሯ ላይ ተጽፎ ስላየችው ነው። ድርሻው በስሙ ተጽፎ ያላየ አባል ወሬ በመጣ ቁጥር ይሸበራል። ተጽፎ ያየ አባል ግን ወሬውን ከሒሳቡ ጋር ያመዛዝናል።

ትርፍ ብቻ ፈልጎ የሚመጣ ባለዕጣ

ባለዕጣ ሁሉ እንደዚህች ሴት እንዳልሆነም ያው ከተማ አስመስክራለች። በ1854 የሮችዴል ኅብረት ሥራ ሰዎች የጥጥ ፋብሪካ ማኅበር መሠረቱ። ዓላማው ትርፉን ገንዘብ ላዋሉትና በፋብሪካው ለሚሠሩት ሠራተኞች ማካፈል ነበር። ፋብሪካው ሲያተርፍ ወሬው ተሰማና ዓላማውን ሳይሆን ወለዱን የሚፈልጉ ብዙ ሰዎች ዕጣ ገዙ። በቁጥር ሲበዙም በ1862 ለሠራተኛው ይሰጥ የነበረው የትርፍ ድርሻ እንዲቀር በድምፅ ብልጫ አስወሰኑ። ከዚያ ወዲያ ፋብሪካው ከሌሎች ፋብሪካዎች የተለየ ነገር አልቀረውም።

ይህ ለማኅበር መሪዎች ማስጠንቀቂያ ነው። በችግር ጊዜ የገንዘብ ጥማት ስለሚኖር ከየትም የመጣ ባለዕጣ መልካም ይመስላል። ነገር ግን የማኅበሩን አገልግሎት የማይጠቀም፣ ወፍጮው ዘንድ እህል የማያስፈጭ፣ ከሱቁ የማይሸምት ባለዕጣ ሲከስር ፈጥኖ ይወጣል፤ ሲያተርፍ ደግሞ ዓላማውን ያስቀይራል።

በአገራችን የታየው

በኢትዮጵያ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪክ ውስጥ ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሐቅ አለ። በአዋጅ ቁጥር 138/1970 የተቋቋሙት የገበሬዎች አገልግሎት ሰጪና አምራች ማኅበራት በብዙ ቦታ ሱቅ፣ መጋዘንና ወፍጮ ነበራቸው። ይሁን እንጂ አባልነቱ በብዙ ቦታ በግፊት የመጣ ነበር፤ ማኅበራቱም ለመንግሥት የእህል ኮታ መሰብሰቢያ ሆነው ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ አምራች ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ተበተኑ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ የብዙ አገልግሎት ሰጪ ማኅበራት ሱቅና መጋዘን ተዘረፈ። በብዙ ቦታ የዘረፋው ተካፋዮች የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው መሆናቸው የሚያሳዝን ነው። ንብረቱ በወረቀት ላይ የእነርሱ ነበር፤ በልባቸው ግን የሌላ ነበር። ቻርልስ ሃዋርዝ ነፃ ፈቃድን ያስቀደሙበት ምክንያት እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። በግድ የገባ ባለዕጣ በችግር ቀን ደጋፊ አይሆንም።

ኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 147/1991 አባልነት በፈቃደኝነት እንዲሆን፣ እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ እንዲኖረው ደነገገ። አንድ አባል ከተከፈለው የዕጣ ገንዘብ ከመቶ 10 እጅ በላይ እንዳይዝ ወሰነ፤ ከተጣራው ትርፍም ከመቶ 30 እጅ ለመጠባበቂያ እንዲያዝ አዘዘ። ይህን አዋጅ በ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 985 ሲተካው በፈቃደኝነት የመግባትና የአንድ አባል አንድ ድምፅ መሠረት እንደተጠበቀ ቀጥሏል። መጠባበቂያው የክፉ ቀን ስንቅ ነው፤ የዕጣው ጣሪያም አንድ ሰው ተቆጥቶ ሲወጣ ማኅበሩን ይዞ እንዳይወድቅ የሚከላከል ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፈተና የቡናው ነበር። የኦሮሚያ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን በ1991 ዓ.ም. በ34 መሠረታዊ ማኅበራት ሲቋቋም ብዙም ሳይቆይ የዓለም የቡና ዋጋ እጅግ ወደቀ። በ2001 እ.ኤ.አ. የአንድ ፓውንድ ክብደት ቡና አማካይ የዓለም ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በአንዳንድ አካባቢ ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት እስከ መትከል ደርሷል። ዩኒየኑ ግን ቡናውን በቀጥታ ለውጭ ገዢዎች መሸጡን ቀጠለ፤ ከተጣራ ትርፉ ከመቶ 70 እጁንም ለመሠረታዊ ማኅበራት የመመለስ አሠራር ዘረጋ። በክፉው ዘመን ከዩኒየኑ ያልወጡት ማኅበራት ዋጋው ሲያገግም የራሳቸው ላኪ ድርጅት ባለቤት ሆነው ተገኙ።

የስሌቱ ነገር

አባላት «እኔ አንድ ሰው ከሌላ ወፍጮ ባስፈጭ ምን ይጎዳል» ይላሉ። መሪው ለዚህ መልስ የሚሰጠው በቁጥር ቢሆን ይመረጣል። ለስሌት እንዲመች 200 አባላት ያሉት ማኅበር አንድ ወፍጮ አለው እንበል። እያንዳንዱ አባል በወር ግማሽ ኩንታል ቢያስፈጭ በወር 100 ኩንታል ይሆናል። ነዳጅና ዘይት ተቀንሶ ከአንድ ኩንታል 60 ብር ቢቀር 6,000 ብር ይገኛል። የወፍጮ ሠራተኛውና የዘበኛው ደመወዝ፣ የቤት ኪራይና የጥገና መያዣ 5,000 ብር ቢሆን ወፍጮው በወር 1,000 ብር ያተርፋል።

ከ200ው አባላት 50ው ብቻ ወደ ሌላ ወፍጮ ቢሄዱ 75 ኩንታል ይቀራል፤ ገቢው 4,500 ብር ይሆናል፤ ወፍጮው 500 ብር ይከስራል። መቶው ቢሄዱ ኪሳራው 2,000 ብር ይደርሳል። ደመወዙና ኪራዩ እህል መጣ አልመጣ አይቀንስም። ስለዚህ ከአራት አባላት የአንዱ መቅረት ትርፉን ወደ ኪሳራ ይለውጠዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው እዚህ ላይ በብር ተቆጥሮ ይታያል።

ድጋፍና ዝምታ ይለያያሉ

ይህ ሁሉ ሲባል ግን የከሰረ ድርጅት ሁሉ መደገፍ አለበት ማለት አይደለም። የአባላትን ገንዘብ በማይድን ድርጅት ላይ መጨመር ድጋፍ ሳይሆን ጥፋት ነው። መሪዎች ተጨማሪ ዕጣ ከመጠየቃቸው በፊት ሊመልሷቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው፣ አባላት አገልግሎቱን ይፈልጉታልን? የሚል ነው። የሮችዴል ሰዎች ዱቄት መብላታቸውን አላቆሙም፤ የጎደለው ጥራቱ ነበር። ፍላጎቱ ካለ ጉድለቱ ይታረማል፤ ፍላጎቱ ከሌለ ግን ምንም ያህል ገንዘብ ቢፈስ አይረዳም።

ሁለተኛው፣ የኪሳራው ምክንያት ታውቋልን? የሚል ነው። ኪሳራው ከእህል መወደድ ነው ወይስ ከሠራተኛው አለማወቅ? ከዱቤ ነው ወይስ ከስርቆት? ሒሳቡ ተመርምሮ በጉባኤ ካልተነበበ ምክንያቱ አይታወቅም። ሒሳብ ሳያሳይ ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠይቅ ኮሚቴ አባላቱን ወደ ወሬ ይገፋቸዋል።

ሦስተኛው፣ ለማረም ሥልጣንና ቁርጠኝነት አለን? የሚል ነው። የማይችለውን ሠራተኛ ዘመድ ነው ብሎ ማቆየት፣ ዱቤ የወሰደውን የኮሚቴ አባል አለመጠየቅ ድርጅቱን መቅበር ነው። መሪው ራሱ ባለዕዳ ከሆነ ሌላውን ዕዳ ክፈል ለማለት አፍ አይኖረውም።

ለነዚህ ጥያቄዎች መልካም መልስ ከተገኘ የባለዕጣው ድጋፍ መልክ ይይዛል። ዕጣውን አያወጣም፤ እህሉን በማኅበሩ ወፍጮ ያስፈጫል፤ የትርፍ ድርሻውን ለተወሰነ ጊዜ በስሙ ያስቀምጣል፤ ጉባኤ ሲጠራ ይገኛል፤ ጉድለት ሲያይ በገበያ ሳይሆን በጉባኤ ይናገራል። መሪውም በበኩሉ የእያንዳንዱን አባል ድርሻ በደብተር ጽፎ ያሳያል፤ ሒሳቡን በጊዜው ያስመረምራል፤ መውጣት የሚፈልገውን አባል በደንቡ መሠረት ሳያጉላላ ይሸኛል። የሮችዴሉ ሱቅ ገንዘቡን የጠየቀውን አባል ሳይከለክል መክፈሉ ለቀሩት ማረጋጊያ፣ ለሄደው ደግሞ መመለሻ መንገድ ሆኖታል።

የሮችዴል ሸማኔዎች ከ28 ፓውንድ ተነሥተው የጀመሩት ሥራ በ1895 እ.ኤ.አ. ለተቋቋመው የዓለም አቀፍ የኅብረት ሥራ ኅብረት መነሻ ሐሳብ ሆኗል። ይህ የሆነው ኪሳራ ስላልደረሰባቸው አይደለም። ደርሶባቸዋል፤ ነገር ግን ኪሳራው ሲመጣ ሒሳቡን ገልጠው አይተዋል፤ የተበላሸውን አርመዋል፤ ከወፍጮው ደጃፍም አልራቁም። በየቀበሌው ሞተሩ የቆመ ወፍጮ፣ መደርደሪያው የተራቆተ ሱቅ ያላቸው ማኅበራት መሪዎች በቀጣዩ ጉባኤ ላይ መጀመሪያ የሚዘረጉት የልመና መዝገብ ሳይሆን የሒሳብ መዝገብ ሊሆን ይገባዋል። አባሉ ሐቁን ካወቀና ድርሻውን ካየ፣ ከወፍጮው ጋር ለመቆየት ምክንያት ያገኛል።